ቀለም የተቀባ አስከሬን ቅርስ አይደለም

«ቅርሳችንን አዳንን» የሚል ድምፅ ስሰማ ደስ ይለኛል። የዳነው ምን እንደሆነ ሳልጠይቅ ግን አላጨበጭብም። የኩባን የእንፋሎት ባቡሮች በተመለከተም የማነሣው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

ኩባ የመጀመሪያውን ሐዲድ ከሐቫና እስከ ቤሁካል የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1837 ነው። ገዥዋ ስፔን በገዛ ምድሯ ባቡር ያየችው ከ11 ዓመት በኋላ ነበር። ደሴቲቱን ያስቀደማት የሥልጣኔ ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ ስኳር ነው። ሐዲዱን ከዘረጉት መካከል ባሮች ነበሩበት፤ ባርነት እዚያ የተሻረው በ1886 ነው።

ከዚያ ወዲህ ከፊላዴልፊያው ባልድዊን የተገዙ ሎኮሞቲቮች በየስኳር ፋብሪካው ሸንኮራ ሲጎትቱ ኖሩ። በ1962 የአሜሪካ ማዕቀብ ሲጠና መለዋወጫ ቀረ፤ ባቡሮቹ ግን አልቆሙም። የፋብሪካው መካኒክ የጎደለውን ብረት ራሱ እየቀረጸ 40 ዓመት አኖራቸው። የብዙዎቹ እሳት የጠፋው መንግሥት በ2002 ከ150 በላይ ከነበሩት ፋብሪካዎች ግማሽ ያህሉን ለመዝጋት ሲወስን ነው።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ዛሬ የዳኑት ተመርጠው፣ ዝገታቸው ተፍቆ፣ ቀለም ተቀብተው በየአደባባዩና በየሙዚየሙ ቆመዋል። ለመሆኑ የዳነው ምኑ ነው? ብረቱ ነው። በሎኮሞቲቩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ሠሪውን ባልድዊንን ይጠራል፤ ያኖረውን መካኒክ ግን አያውቀውም። እሳቱን እንዴት እንደሚያነድ፣ ያረጀ ቦይለር ሲያቃስት ምን ማለቱ እንደሆነ የሚያውቀው ያ ሰው ነው። እሱ ሲሞት አብሮት የሚቀበረውን በቀለም አናስመልሰውም።

«ሕዝቡ መብራትና ዳቦ ቸግሮት ለአሮጌ ባቡር ገንዘብ ከየት ይምጣ?» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም ሁሉም ይዳን አላልኩም። ጥቂቶቹ ይመረጡ፤ የተመረጡት ግን እሳታቸው አይጥፋ፤ ከእያንዳንዱ ሽማግሌ መካኒክ ጎንም አንድ ወጣት ይቁም። ካይባሪየን አጠገብ የተዘጋው የማርሴሎ ሳላዶ ፋብሪካ የስኳር ሙዚየም ሲሆን ሎኮሞቲቮቹ እንግዳ ጭነው እስከ ሬሜዲዮስ ተጉዘዋል። እንግዲህ አይቻልም ማለት አይቻልም።

ሐውልት የሚቆመው ለሞተ ነው። የእጅ ሙያው ሳይሞት ሐውልት ለማቆም ምን አስቸኮለን?