በአገሬው አሰልጣኝ የተገኘው ዋንጫ

የውድድር ዘመኑ በተከፈተ ቁጥር በምሥራቁ ግዛት የኳስ ወዳዶች ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ዘንድሮ ማን መጣ? ከየትኛው የአውሮፓ ክለብ፣ በስንት ሚሊዮን? በደማምና በኾበር የምንኖር አማርኛ ተናጋሪዎችም ከዒሻ ሶላት በኋላ በባሕሩ ዳርቻ ተሰብስበን ስንጨዋወት ከዚህ ወሬ አንርቅም። ይሁን እንጂ ከእርሱ በፊት መጠየቅ የሚገባው ሌላ ነገር አለ። ቀደም ባሉት ዓመታት ዋንጫውን ያነሡት እነማን ነበሩ? ያሠለጠናቸውስ ማን ነው?

የደማሙ ኢትፋቅ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። ዐረብኛ ለሚያውቅ አንባቢ የስሙን ትርጉም መንገር አያሻም፤ ሦስት ክለቦች ተስማምተው አንድ በመሆናቸው የወጣለት ስም ነው። በ1968 የንጉሡን ዋንጫ ወሰደ። ታላቁ ዘመኑ ግን የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1982/83 የውድድር ዘመን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ፤ በሳዑዲ ዐረቢያ እንዲህ ያለ ድል ያገኘ የመጀመሪያው ክለብም እርሱ ነበር። የቡድኑ አሰልጣኝ ከብራዚል ወይም ከእንግሊዝ የመጣ ሰው አልነበረም። ኸሊል አል ዘያኒ የተባሉ ሳዑዲያዊ ነበሩ፤ የሊጉን ዋንጫ ያነሡ የመጀመሪያው የአገሩ ተወላጅ አሰልጣኝ ናቸው።

ነገሩ በደማም ብቻ አላበቃም። በ1984 ብሔራዊው ቡድን ለእኚሁ ሰው ተሰጠ። በዚያው ዓመት ቡድኑን ለሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ አበቁት፤ በታኅሣሥም ሲንጋፖር ላይ በተደረገው የእስያ ዋንጫ ፍፃሜ ቻይናን 2 ለ 0 አሸንፈው የመጀመሪያውን የእስያ ዋንጫ ለሳዑዲ ዐረቢያ አመጡ። አንድ ከተማ በራሷ ሰው ላይ የጣለችው እምነት ከሁለት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ለአገር ተረፈ። ኢትፋቅም በ1984 እና በ1988 የዐረብ ክለቦችን ሻምፒዮና፣ በ1987 ደግሞ ሁለተኛውን የሊግ ዋንጫ ወስዷል። ከ1987 ወዲህ ግን የሊጉ ዋንጫ ወደ ደማም ተመልሶ አያውቅም፤ ይባስ ብሎ ክለቡ በ2014 ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ወርዶ ነበር።

የኾበሩ ቃዲሲያ ታሪክ አጠር ያለ ነው። በ1992 የአልጋ ወራሹን ዋንጫ፣ በ1993/94 ደግሞ የእስያ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫን ወስዷል። በዚህኛው ፍፃሜ የሆንግ ኮንጉን ሳውዝ ቻይና በሁለት ጨዋታ በድምሩ 6 ለ 2 ረትቷል። የኾበር ልጅ የሆነው ያሲር አል ቀሕጣኒ ያደገው በዚህ ክለብ ነው፤ በ2005 ወደ ሪያዱ ሂላል ተሻገረና በ2007 የእስያ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ኾበር አሳደገች፣ ሪያድ አጨደች ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ለእኛ ይህ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ የተባበረችውን ዐረብ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ግብፅን፣ በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሣ አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በሉቺያኖ ቫሳሎ አምበልነት፣ በመንግሥቱ ወርቁ ጎሎች የተገኘው ያ ዋንጫ እስከ ዛሬ ብቸኛችን ነው። ደማም ውስጥ የተወለዱ ልጆቻችን የሮናልዶን ጎሎች በቁጥር ያውቃሉ፤ የመንግሥቱ ወርቁን ስም ግን ስንቶቹ ሰምተዋል? የአል ዘያኒንስ ስም?

የውጭ ባለሙያ አይምጣ ለማለት አይደለም። በ2023 በአራምኮ ባለቤትነት ሥር የገባው ቃዲሲያ በስፔናዊው ሚቼል እየተመራ ወደ ዋናው ሊግ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት አራተኛ ሆኗል፤ በ2025 ለንጉሡ ዋንጫ ፍፃሜ ደርሶም በኢትሓድ 3 ለ 1 ተሸንፏል። ይህ ለማንም ቢሆን ትልቅ ሥራ ነው። በአንጻሩ ኢትፋቅ በ2023 የዓለም ጋዜጦችን ሁሉ ያነጋገረውን ስቲቨን ጄራርድን ቀጥሮ በመጀመሪያው ዓመት ስድስተኛ ከመሆን አላለፈም፤ በጥር 2025 ተለያዩ። ክለቡ ከዚያ በኋላ ቡድኑን የሰጠው ለሳዑዲያዊው ሰዕድ አል ሸህሪ ነው። አል ሸህሪ በ2022 ከ23 ዓመት በታች የአገሩን ቡድን የእስያ ሻምፒዮን ያደረገ አሰልጣኝ ነው። በእኔ እይታ ይህ ውሳኔ በጄራርድ መቀጠር ጊዜ ከተሰማው ጭብጨባ የሚበልጥ ጭብጨባ ይገባው ነበር። የተሰማው ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ጭብጨባው ማነሱ አያስገርምም። ታዋቂ ስም በአንድ ሌሊት ይገዛል፤ አሰልጣኝ ግን ከታዳጊዎች ሜዳ ተነሥቶ፣ ተሳስቶና ታርሞ እስኪበስል ዓመታት ይፈልጋል። በእነዚያ ዓመታት ክለቡ ካልታገሠ፣ ተመልካቹም በየሁለት ሽንፈቱ ይባረር እያለ ከጮኸ፣ ሁለተኛው አል ዘያኒ ከየት ይመጣል? በእኛም አገር ከ1954 ወዲህ የተሾሙትንና የተነሡትን አሰልጣኞች ለመቁጠር የሞከረ ሰው መልሱን ያውቀዋል።

ሳዑዲ ዐረቢያ በ2027 የእስያን ዋንጫ ታዘጋጃለች፤ ኾበርም ከአስተናጋጆቹ ከተሞች አንዷ ናት። 47 ሺህ ገደማ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው የአራምኮ ስታዲየምም የሚሠራው በዚያው ነው። በመግቢያው ግድግዳ ላይ የ1983ቱ ቡድን ፎቶግራፍ ቢሰቀል፣ ከተጫዋቾቹም ስም በላይ የአሰልጣኙ ስም ቢጻፍ ደስ ይለኛል። ቃዲሲያዎች በሜዳችን የኢትፋቅ ፎቶ ምን ያደርጋል ብለው ቅር ቢሰኙ፣ የ1994ቱ ከጎኑ ይሰቀልላቸው።