የቆፈረ ይወስን

ይድረስ በአገር ቤት ላላችሁ ወገኖቻችን፤

ከአውስትራሊያ ወደ እናንተ የሚደርሰው ወሬ አብዛኛውን ጊዜ የከተማ ወሬ ነው፦ በሜልበርን የፉትስክሬይ ሰፈር ምግብ ቤቶች፣ የቤት ኪራይ ውድነት፣ የቪዛ ጣጣ። በዚህ ደብዳቤ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ግን ከከተማ ውጭ ያለውን፣ እኛ ራሳችን በመኪና ሽው ብለን የምናልፈውን የገጠሩን አውስትራሊያ ነው። የዚህ አገር ገበሬ አፈሩንና ወንዙን ለማዳን ባደረገው ሙከራ፣ በተሳካውም በከሸፈውም፣ እናንተ በየዓመቱ ለምታካሂዱት የተፋሰስ ሥራ የሚጠቅም ነገር አለ ብዬ አምናለሁ። ክርክሬ ባጭሩ ይኸው ነው፤ መሬት የሚያገግመው የሚቆፍረው ሰው ምን፣ የትና መቼ እንደሚቆፈር ሲወስን፣ የወሰነውንም ይዞ ከመንግሥት ፊት መቆም ሲችል ነው። (በደብዳቤው ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሁላችሁም ከምታውቁት ዛፍ ልጀምር። ባሕር ዛፍ በ1890ዎቹ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ የአዲስ አበባን የማገዶ ችግር ያቃልላል ተብሎ የገባ የዚህ አህጉር ዛፍ ነው። እኛ ዘንድ ዛሬ ምንጭ ያደርቃል፣ ውኃ ጠጥቶ አይጠግብም እየተባለ ይከሰሳል። በትውልድ አገሩ ግን ክሱ ተገልብጦ ይገኛል። ብዙው የአውስትራሊያ የስንዴ መሬት ከሥሩ ለብዙ ሺህ ዓመታት የተጠራቀመ ጨው አለው። ሥሩ ጠልቆ የሚሄደው የአገሬው ዛፍ ዓመቱን ሙሉ ዝናቡን እየጠጣ፣ የከርሰ ምድሩ ውኃ ወደ ላይ እንዳይነሣ ይዞት ኖረ። ከአውሮፓ የመጡት ሰፋሪዎች ዛፉን መንጥረው ስንዴና የከብት ሣር ሲዘሩ፣ ሥረ አጭሩ አዝመራ ዝናቡን ጠጥቶ አልጨረሰውም። የተረፈው ወደ ታች ሰረገ፣ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍ አደረገው፣ ውኃውም ጨዉን ተሸክሞ ወጣ። በቪክቶሪያና በምዕራብ አውስትራሊያ የሆነው በዓይን ይታያል፤ ዝቅ ባለው ማሳ ላይ ምንም የማይበቅልበት ነጭ የጨው ቅርፊት፣ ዳር ዳሩን ቆሞ የደረቀ ዛፍ። ዛፉን የቆረጠው ከላይ ያለው ገበሬ ሆኖ ሳለ ማሳው የሚነጣው ግን ከታች ያለው ጎረቤቱ ነው። አጥሩ ውስጥ ብቻውን ሆኖ ይህን ሊያድን የሚችል ገበሬ የለም።

ላንድኬር የሚባለው እንቅስቃሴ የተወለደው ከዚህ ጭንቀት ነው። የመጀመሪያው ቡድን በ1986 በቪክቶሪያ፣ ሴንት አርኖድ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፣ ዊንጃሎክ በተባለ ቦታ ተቋቋመ። ከጀርባው የነበሩት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ አንዷ ጆአን ከርነር፣ በኋላ የክፍለ ግዛቱ መሪ ለመሆን የበቁ የሌበር (የሠራተኞች) ፓርቲ ሚኒስትር፣ ሌላዋ ሄዘር ሚቸል፣ የቪክቶሪያ ገበሬዎች ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት። ገበሬውና ሌበር በዚህ አገር ብዙም ባይዋደዱም ሁለቱ ተባበሩ። በ1989 ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቹ ፊሊፕ ቶይንና የብሔራዊው ገበሬዎች ፌዴሬሽን መሪ ሪክ ፋርሊ፣ በሌላው ጉዳይ ሁሉ የሚነታረኩት፣ አንድ ሐሳብ ይዘው ቀረቡ። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦብ ሆክም ሐሳቡን ተቀብለው የመሪና የዳርሊንግ ወንዞች በሚገናኙባት በዌንትወርዝ የአሥር ዓመት አገራዊ ፕሮግራም አወጁ። የላንድኬር ቡድን ሲታይ ምንም የሚያስደንቅ ነገር የለውም። በአንድ ጅረት ግራና ቀኝ የሚያርሱ ቤተሰቦች ናቸው። በመንደሩ አዳራሽ ይሰበሰባሉ፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል፣ ገንዘብ ያዡ በባንክ ያለውን ሒሳብ ይናገራል፣ ከዚያ ዘንድሮ የትኛው የጅረት ዳርቻ ከከብት እንደሚከለል፣ ጥንቸሉ የት እንደሚመታ ይከራከራሉ። ችግኙ በእንጨት ችካሎች የተወጠረ የፕላስቲክ ካባ ለብሶ ይተከላል፤ ካልለበሰ ካንጋሮና ጥንቸል ይበሉታል። እኔን የሚስበኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ዕቅዱን ቡድኑ ያወጣል፣ ገንዘቡን ቡድኑ ከመንግሥት ይጠይቃል፣ ባለሙያው ሲመጣ ሊመክር ነው የሚመጣው።

«እኛስ ምን አጣን?» ብትሉ አልፈርድባችሁም። ደቦና ወንፈል ከላንድኬር በፊት ስንት ዘመን ሲሠራባቸው ኖሯል። ዕድር መተዳደሪያ ደንብ አለው፣ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፣ የቀረ ይቀጣል፣ ድንኳኑና ድስቱ በቁጥር ተመዝግቦ ይቀመጣል። የዊንጃሎክ ገበሬ ከዚህ የላቀ አደረጃጀት አልነበረውም። በእርከን ሥራማ እኛ አስተማሪዎች ነን፤ ኮንሶዎች ማንም ሳያዛቸው ለመቶዎች ዓመታት የካቡት እርከን በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ሕዝብ የተራቆተ መሬቱን መልሶ በማልማቱ በ2012 የኢኳተር ሽልማትን አግኝቷል። ከ2011 ገደማ ጀምሮም በበጋው ወራት ሚሊዮኖች ለሳምንታት በነፃ ጉልበታቸው እርከን ይሠራሉ። ይህን የሚያህል የሕዝብ ጉልበት አውስትራሊያ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም። የዘመቻው ዕቅድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከወረዳ በኪሎ ሜትር ተቆርጦ ይመጣል፣ ሪፖርቱም በሔክታርና በሰው ቀን ተቆጥሮ ወደ ላይ ይወጣል። «ይህ ቦረቦር በዚህ ክትር አይያዝም፣ ክረምት ላይ ይጠርገዋል» የሚል አዛውንት ቃሉ የት ይመዘገባል? በሐምሌ 2019 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። የተተከለው ሲቆጠር የጸደቀው ያን ያህል ካልተቆጠረ፣ ቆጠራው የተሠራው ለተካዩ ሳይሆን ለሪፖርት ተቀባዩ ነው ማለት ነው። ከብት ከተከለከለበት ተራራ የሚታጨደው ሣር ለማን እንደሚደርስ የወሰነ ማኅበር ግን ችግኙን ሳይታዘዝ ይጠብቀዋል፤ አብርሃ ወአጽብሃ ከሌላው የሚለይበት አንዱ ምክንያት ሰዉ በራሱ የመተዳደሪያ ሕግ መመራቱ ነው።

ቃለ ጉባኤ የለመደ ሕዝብ ወደ ፖለቲካ ሲገባ የሚሆነውን ለማየት በሰሜን ምሥራቅ ቪክቶሪያ ያለውን ኢንዳይ የተባለ የምርጫ ወረዳ ተመልከቱ። ዎዶንጋና ዋንጋራታ የሚገኙበት ይህ አካባቢ ለአሥርት ዓመታት የወግ አጥባቂዎቹ አስተማማኝ መቀመጫ ስለነበር አንዱም ፓርቲ ደክሞ አያውቅለትም ነበር። ከ2013 ምርጫ በፊት ነዋሪዎች በየቤቱ፣ በየማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ ተቀመጡ። ዕጩ ስለመምረጥ ከማውራታቸው በፊት ምን እንደጎደላቸው ዘረዘሩ፦ የማይሠራ የሞባይል ኔትወርክ፣ ሰዓቱን የማያከብር ባቡር፣ የጤና አገልግሎት። ዝርዝሩን ጽፈው ለተወካያቸው ሰጡ፤ መልሱ ስላላረካቸው የራሳቸውን የግል ተወዳዳሪ ካቲ ማክጋዋንን አቆሙ። ማክጋዋን በ439 ድምፅ ልዩነት አሸነፉ። በ2019 ሲሰናበቱም ቦታውን የተረከቡት ሌላዋ የግል ተወዳዳሪ ሄለን ሄይንስ ናቸው። መቼም ሁሉን የማኅበር ልማድ አመጣው ብል ማጋነን ይሆናል። የምርጫ ሕጉ ትልቅ ድርሻ አለው፤ እዚህ መራጩ ዕጩዎችን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ በቅደም ተከተል ስለሚያስቀምጥ፣ በመጀመሪያው ቆጠራ ወደ ኋላ የቀሩት ማክጋዋን የተሸናፊዎቹ ሁለተኛ ምርጫ ሲደመርላቸው ቀደሙ። አብላጫ ያገኘ ሁሉን በሚወስድበት በእኛ አገር ሕግ ቢሆን ኖሮ ይሸነፉ ነበር። ያም ሆኖ ሕጉ ብቻውን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰው አያስቀምጥም፤ በዚያው ሕግ የሚመርጡ ብዙ ሌሎች የገጠር የምርጫ ወረዳዎች ያኔ ዝም ብለው ተቀምጠው ነበር።

«እነሱ ሀብታም ናቸው» የሚለው መልስ ቶሎ ይመጣል፤ እውነትም አለበት። የ1989ኙ ፕሮግራም 320 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተመድቦለት ነበር፣ አስተባባሪዎቹም ደመወዝ የሚከፈላቸው ነበሩ፣ መንግሥት በጀት በቀነሰ ቁጥር የሚዳከሙ ቡድኖች አሉ። ይሁን እንጂ ገንዘቡ የመጣው የመጀመሪያዎቹ ቡድኖች ከተመሠረቱ በኋላ ነው። የእኛ እጥረት ጉልበትና ማኅበር አይመስለኝም፤ በየዓመቱ በነፃ የሚፈሰው የገበሬ የሥራ ቀን በገንዘብ ቢተመን ከብዙ የዕርዳታ ፕሮጀክት ይበልጣል። ያን ያህል ያዋጣ ሰው በዕቅዱ ላይ ድምፅ ይገባዋል ለማለት ሀብታም አገር መሆን አያስፈልግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብደኛል። «እናንተ ርቃችሁ ትናገራላችሁ፤ እዚህ ማኅበር አፉን ሲከፍት ፖለቲካ ገባህ ይባላል» ትሉ ይሆናል። ታሪኩ ከእናንተ ጋር ነው። በ2009 የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በመብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ዕድርና ዕቁብን ግን አልነካቸውም፤ ያልነካቸውም ቀብርና ሠርግ ላይ ብቻ ስለሚናገሩ ይመስለኛል። ያ አዋጅ በ2019 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ተሽሯል፣ የዝምታው ልማድ ግን በአዋጅ አይሻርም። ስለዚህ የምጠይቀው ዕድር ነገ ተነሥቶ ዕጩ እንዲያቀርብ አይደለም። የተፋሰስ ኮሚቴ «ይህ እርከን እዚህ አይሠራም፣ እዚያ ይሁን» ብሎ በቃለ ጉባኤ ጽፎ ለወረዳው እንዲሰጥ ነው። ይህ ተቃውሞ ሳይሆን የሥራ ዕውቀት ነው፤ የወረዳው ባለሙያም ብዙ ጊዜ ይህን ሊሰማ የሚፈልግ፣ ከበላዩ የመጣው ኮታ ያስጨነቀው ሰው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ ይበልጥ የአውስትራሊያን ገመና የሚያወጣ ነው፦ የአካባቢ ሰው የሚያየው የራሱን ማሳ ብቻ አይደለምን? የመሪና ዳርሊንግ ተፋሰስ ከአንድ ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የኢትዮጵያን ስፋት ለመስተካከል ጥቂት ነው የቀረው፣ አራት ክፍለ ግዛቶችንም ያቋርጣል። በ2010 መንግሥት ለመስኖ የሚወሰደው ውኃ ይቀነስ የሚል ረቂቅ ሲያቀርብ በግሪፍዝ ከተማ የተቆጡ ገበሬዎች ሰነዱን አደባባይ ላይ አቃጠሉት። እነሱም ማኅበር ነበራቸው፣ እነሱም በአንድ ድምፅ ነበር የተናገሩት። በ2012 የጸደቀው ዕቅድ 2.75 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ በየዓመቱ ለወንዙ እንዲመለስ ወሰነ፣ ክርክሩ ግን አላበቃም። በሰሜን፣ በዳርሊንግ ላይኛው ክፍል፣ ጥጥ አምራቾች የሚስቡት ውኃ በብዙ ቦታ በወጉ አይለካም ነበር፤ በ2017 የአውስትራሊያው ኤቢሲ ቴሌቪዥን ጉዳዩን ካወጣው በኋላ ነው የኒው ሳውዝ ዌልስ ክፍለ ግዛት ራሱን የቻለ የውኃ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው። በ2018 ማብቂያና በ2019 መጀመሪያ በታችኛው ዳርሊንግ ላይ ባለችው በሜኒንዲ ከተማ፣ ወንዙ በድርቅና ከላይ በሚሳበው ውኃ ብዛት ተዳክሞ በቆመበት፣ አልጌ ሸፈነው። የአየሩ ሙቀት በድንገት ሲወርድ አልጌው ሞቶ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ጨረሰው፣ ዓሣውም በመቶ ሺዎች ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ተንሳፈፈ። ከሞቱት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት የኖሩ፣ አንድ ሰው በሁለት እጁ የማይችላቸው፣ መሪ ኮድ የሚባሉ ዓሣዎች ነበሩ። በመጋቢት 2023 እልቂቱ ተደግሞ የሞተው በሚሊዮኖች ተቆጠረ። በወንዙ ነባር ስም የሚጠሩት ባርካንጂዎች፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ የመሬት ባለመብትነታቸው በፍርድ ቤት የታወቀው ከ18 ዓመት ክርክር በኋላ በ2015 ነው፤ መብቱ ግን ወንዙ ውስጥ ውኃ እንዲኖር አላደረገም።

ታዲያ ይህ ክርክሬን ያፈርሰዋል? ግማሹን ያርመዋል። የላንድኬር ቡድን የሚሳካለት ከላይ ቆራጩና ከታች ተጎጂው በአንድ አዳራሽ ስለሚገናኙ ነው። በዳርሊንግ ላይ ግን ጥጥ አምራቹና የሜኒንዲ ዓሣ አጥማጅ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ተራርቀው፣ የየራሳቸው ማኅበር አባል ሆነው፣ በየራሳቸው አዳራሽ ነው የሚያጨበጭቡት። የማኅበሩ ወሰን ከችግሩ ወሰን ካነሰ፣ ጠንካራ ማኅበር ጉዳቱን ያባብሰዋል። እናንተ ለዚህ ከእኛ ይልቅ ቅርብ ናችሁ። አዋሽ ከኦሮሚያ ተነሥቶ አፋር ገብቶ ይቀራል፤ የላይኛው መስኖ ማኅበር የታችኛውን አርብቶ አደር ሳይሰማ ቢጠናከር የሚሆነውን ለመገመት ሜኒንዲ ድረስ መምጣት አያስፈልግም። ክልል የሚባለው ወሰን በተሰመረበት፣ እያንዳንዱ ወሰን ደግሞ ጠመንጃ ባለው አገር፣ የላዩንና የታቹን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥ ከአውስትራሊያ አሥር እጥፍ ከባድ ነው። ቢሆንም የመለኪያ ዘንግ ወንዙ ላይ ተተክሎ፣ ልኩን ሁለቱም ወገኖች በየቀኑ ማንበብ ከቻሉ፣ ክርክሩ ቢያንስ ስለ አንድ ቁጥር ይሆናል።

እዚህ ያለን የማኅበረሰብ ማኅበራትም ከዚህ የምንወስደው አለን። ለመንደር ውኃ ወይም ለትምህርት ቤት ገንዘብ ስንልክ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ፎቶ ነው፤ ሪባን ሲቆረጥ፣ ቧንቧው ሲፈስ። ከእንግዲህ የውኃ ኮሚቴውን ቃለ ጉባኤና የዓመት ሒሳብ ብንጠይቅ፣ ለጸሐፊው የመዝገብና የትራንስፖርት ወጪም ብንሸፍን፣ ቧንቧው ከተበላሸ በኋላ የሚጠግነው ሰው ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። ይህንንም ከእናንተ ሳንሰማ ልንወስነው አይገባም፤ ከሜልበርን የሚቆረጥ ዕቅድ ከወረዳ ከሚቆረጠው አይሻልም።

ስለዚህ ጻፉልን። በአካባቢያችሁ የተፋሰስ ኮሚቴ ከላይ የመጣለትን ዕቅድ ለውጦ የሠራበት፣ ወይም አልሠራም ብሎ የመለሰበት ጊዜ አለ? ካለ ማን ፈረመ፣ ወረዳውስ ምን አለ?