ሁለተኛውን ሰውዬ አሳዩኝ

በኑዛዜ ልጀምር። ጋዜጠኝነት ተመርቄ የመጀመሪያ ሥራ በያዝኩበት ቤት (ስሙ ይቆየን) አለቃዬ ጠርቶ «አሜሪካ ያሉ አንባቢዎቻችን የሚወዱት ነገር ጻፊልኝ፤ ደግሞ ቶሎ ይድረስ» አለኝ። ጊዜው ኦገስት 2023 ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እኔም አንድም የአሜሪካን ፉትቦል ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳላይ፣ ከፈረንጅ ድረ ገጾች እየቃረምኩ «የኤንኤፍኤል 10 ምርጥ የኳርተርባክ ስብስቦች» የሚል ዝርዝር ጻፍኩ። ኒውዮርክ ጄትስን ሦስተኛ አደረግኩት። ምክንያቴ አንድ ሰው ነበር፤ አሮን ሮጀርስ። አራት ጊዜ የሊጉ ኮከብ የተባለን ሰው የያዘ ቡድን ሦስተኛ ካልሆነ ማን ይሁን?

ሴፕቴምበር 11 ሮጀርስ ለጄትስ የመጀመሪያውን ጨዋታ ጀመረ። አራተኛዋ እንቅስቃሴ ላይ የተረከዙ ጅማት ተበጠሰ። የዓመቱ ሥራው እዚያው አለቀ። የኔም ዝርዝር አብሮት አለቀ።

በማግስቱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለ። ይህ ሰው አሜሪካ በገባባቸው የመጀመሪያ ዓመታት ፓርኪንግ ሲሠራ ማታ ማታ ሬዲዮ እየሰማ ነው ጨዋታውን የለመደው። «አንቺ ልጅ፣ ያንን ነገር የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ስብስብ ብለሽ ጽፈሽ አንድ ሰው ብቻ ነው የቆጠርሽው። ሁለተኛው ሰውዬ የታለ?»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ፤ የተረዳሁትም እኔ ብቻ አለመሳሳቴን ነው። በየዓመቱ ውድድሩ ሊጀመር ሲል የሚወጡት «የኳርተርባክ ስብስብ ደረጃዎች» አብዛኞቹ የኔን ስህተት ነው የሚሠሩት። ስማቸው የቡድን፣ ሥራቸው የግለሰብ! ዓይናችሁን ጨፍኑ ላሞኛችሁ ነው ነገሩ።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ኳርተርባክ ማለት በየእንቅስቃሴው መጀመሪያ ኳሷ እጁ የምትገባ ሰው ነው። ይወርውራት፣ ለሯጭ ያቀብላት ወይስ ራሱ ይዟት ይሩጥ የሚለውን በሁለት ሦስት ሰከንድ ይወስናል፤ ያውም መቶ ምናምን ኪሎ የሚመዝኑ ጎረምሶች ሊያነጥፉት እየመጡበት። ከኛ ኳስ የሚቀርበው በረኛ ነው፤ ሜዳ ላይ የሚቆመው አንድ ብቻ፣ ተጠባባቂው ደግሞ ካልተቸገሩ የማይገባ። ልዩነቱ፣ በረኛን ዳኛ ይጠብቀዋል፤ ኳርተርባክን ግን ተጋጣሚው በሙሉ ያድነዋል። በዓመት 17 ጨዋታ አለ፤ ያውም ጥሎ ማለፉን ሳይጨምር። እንግዲህ በዚህ ሁሉ መሀል አንዱ ሰው አይወድቅም ብሎ ደረጃ ማውጣት ጋዜጠኝነት አይደለም፤ ምኞት ነው።

ክርክሬ አጭር ነው። የኳርተርባክ ስብስብ ጥንካሬ የሚለካው በሁለተኛው ሰውዬ ነው። አራት ነጥብ።

ንጉሡ ሲወድቅ

ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስን እንይ። ፔይተን ማኒንግ የሚባል ሰው ነበራቸው፤ ከ1998 ጀምሮ 13 የውድድር ዘመን አንድም የመደበኛ ውድድር ጨዋታ ሳያመልጠው የተሰለፈ። እሱ እያለ ለምን ሌላ ሰው እናዘጋጃለን አሉ መሰለኝ። በ2011 የአንገት ቀዶ ሕክምና አድርጎ ዓመቱን ሙሉ ተቀመጠ። ቡድኑ ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ኬሪ ኮሊንስን ጠራ፤ ያውም በዚያው ክረምት ጡረታ ወጣሁ ብሎ ቤቱ የተቀመጠውን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ኮሊንስ ከሦስት ጨዋታ በኋላ ተጎዳ። ባለፈው ዓመት 10 ያሸነፈ ቡድን በዚያ ዓመት 2 ብቻ አሸንፎ 14 ተሸነፈ። ያ ስብስብ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደረጃ ቢወጣለት ስንተኛ ይባል ነበር? እናንተው ፍረዱ።

አሁን ደግሞ ፊላደልፊያን። ዲሴምበር 10 ቀን 2017 የዓመቱ ኮከብ ይሆናል የተባለለት ካርሰን ዌንትዝ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ቡድኑ 11 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸንፏል፤ ሕልሙ ግን አበቃለት ተባለ። የገባው ኒክ ፎልስ ነው። ይህ ሰው በ2016 ጨዋታ ሊያቆም አስቦ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2018 ፊላደልፊያ ቶም ብሬዲ ያለበትን ኒው ኢንግላንድን 41 ለ 33 አሸንፎ የመጀመሪያውን ሱፐር ቦውል ወሰደ። የጨዋታው ኮከብ? ፎልስ። ኧረ እንዲያውም ጎል መስመር ላይ ኳስ ተቀብሎ ነጥብ አስቆጥሯል!

ሦስተኛው ምስክሬ ሳንፍራንሲስኮ ነው፤ በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ሁለቱንም ፊት ያሳያል። በ2022 የመጀመሪያው ሰው ትሬይ ላንስ በሁለተኛው ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። ሁለተኛው ጂሚ ጋሮፖሎ ዲሴምበር ላይ እግሩ ተሰበረ። ሦስተኛው ብሮክ ፐርዲ ይባላል፤ በዚያ ዓመት ድራፍት 262ኛ፣ ማለትም የመጨረሻው ተመራጭ። ፐርዲ ማሸነፍ እንጂ መሸነፍ አላውቅም ብሎ ቡድኑን ለሱፐር ቦውል አንድ ጨዋታ ሲቀረው አደረሰ። ጃንዋሪ 29 ቀን 2023 እሱም የክርኑ ጅማት ተጎዳ። አራተኛው ጆሽ ጆንሰን ገባ፤ ጭንቅላቱ ተመትቶ ወጣ። ያኔ ፐርዲ መወርወር በማይችል ክንዱ ተመልሶ ገባ። ውጤቱ 31 ለ 7 ሽንፈት። ሊጉ ራሱ ደንግጦ ለ2023 ሦስተኛ ኳርተርባክን ለክፉ ቀን ማስቀመጥ የሚፈቅደውን ደንብ መለሰ። ሊጉ የገባውን ነገር ዝርዝር ጸሐፊዎች እስካሁን አልገባንም።

«ማሆምስስ?»

ይህን ስል አንድ ሰው ሁሌ ይነሳብኛል። «ፓትሪክ ማሆምስ ያለው ቡድን ሁለተኛ ሰው ምን ያደርግለታል?» ይለኛል። ደግ ጥያቄ ነው። ኮከብ ዋጋ የለውም አላልኩም፤ ጤነኛ ማሆምስ ከማንም ተጠባባቂ ይበልጣል፣ ይህን የሚክድ ጨዋታውን አላየም።

ግን ጃንዋሪ 21 ቀን 2023 ምን ሆነ? በጥሎ ማለፉ ከጃክሰንቪል ጋር ሲጫወቱ ማሆምስ ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ወጣ። ቻድ ሄኒ የሚባል አንጋፋ ተጠባባቂ ገባ። ኳሷን ከራሳቸው ጎል መስመር ሥር ተቀብሎ 98 ያርድ ነድቶ ነጥብ አስቆጠረ። ካንሳስ ሲቲ 27 ለ 20 አሸነፈ፤ ማሆምስ በሁለተኛው አጋማሽ እያነከሰ ተመለሰ፣ በሦስተኛው ሳምንትም ዋንጫውን አነሳ። ከሁለት ዓመት በፊትም በጃንዋሪ 2021 ማሆምስ ከክሊቭላንድ ጋር ጭንቅላቱን ተጎድቶ ሲወጣ ጨዋታውን የዘጋው ይኸው ሄኒ ነው። የንጉሡን ዘውድ ሁለት ጊዜ ደጅ ቆሞ የጠበቀውን ሰው ስም ስንቶቻችን እናውቃለን?

ሁለተኛው ሰውዬ ምን ይሠራል?

ተጠባባቂ ማለት ቁጭ ብሎ ደመወዝ የሚበላ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። በሳምንቱ ልምምድ ከዋናዎቹ ጋር ኳስ የሚነካው የመጀመሪያው ሰው ነው። ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ የሚሠራው የሚቀጥለውን ተጋጣሚ ኳርተርባክ አስመስሎ የራሱን ቡድን ተከላካዮች ማለማመድ ነው። አስቡት! ሳምንቱን ሙሉ የሌላ ሰው ጨዋታ ሲያጠና ከርሞ እሁድ ዕለት በድንገት «ግባ» ይባላል፤ ያውም አብሯቸው በቅጡ ካልተለማመዳቸው ሰዎች ጋር።

ገንዘቡም አለ። ሊጉ ለሁሉም ቡድን እኩል የደመወዝ ጣሪያ ያወጣል፤ በ2025 ጣሪያው 279.2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለአንድ ሰው በጨመርክ ቁጥር ለሌሎቹ ትቀንሳለህ። ዳላስ በ2024 ለዳክ ፕሬስኮት በዓመት በአማካይ 60 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ፤ ኖቬምበር ላይ ፕሬስኮት ተጎድቶ ዓመቱ አለቀበት፤ ዳላስ 7 አሸንፎ 10 ተሸነፈ። ለመጀመሪያው ሰው ስንት እንደተከፈለ ሁላችንም ጽፈናል። ለሁለተኛው ምን እንደተዘጋጀለት የጻፈ ግን ስንቱ ነው?

አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ

የአክስቴ ልጅ ቁስል ዋሽንግተን ነው። ከኢትዮጵያ ውጪ ሐበሻ በብዛት ከሚኖርባቸው ከተሞች አንዷ ናት፣ እሱም የሷን ቡድን ደጋፊ ነው፤ ምን ያድርግ! በ2018 ቡድኑ 6 አሸንፎ 3 ተሸንፎ ምድቡን ይመራ ነበር። ኖቬምበር 18 አሌክስ ስሚዝ እግሩ ተሰበረ፤ ስብራቱ ከዚያ በኋላ 17 ቀዶ ሕክምና ያስፈለገው ነው። የተካው ኮልት ማኮይ በጀመረው ሁለተኛ ጨዋታ እሱም እግሩ ተሰበረ። ከዚያ ማርክ ሳንቼዝ፤ ከዚያ ጆሽ ጆንሰን። አዎ፣ ያ ከአራት ዓመት በኋላ ሳንፍራንሲስኮ የምናገኘው ጆንሰን። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው የቡድን ጓደኞቹን ስም ለማጥናት ማደን የተባለውን የቪዲዮ ጌም ተጠቅሟል። ዓመቱ በ7 ድልና በ9 ሽንፈት ተዘጋ።

በዚያው ሰዓት ኮሊን ኬፐርኒክ ቤቱ ተቀምጧል። በ2012 እሱም እንደነ ፎልስ ሁለተኛ ሰው ነበር፤ ጭንቅላቱ የተጎዳን ሰው ተክቶ ገብቶ (የተካው ይኸው አሌክስ ስሚዝ ነው!) ሳንፍራንሲስኮን ሱፐር ቦውል ያደረሰ። በ2016 በጥቁሮች ላይ የሚፈጸመውን የፖሊስ ግፍ ተቃውሞ ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር ተንበረከከ። ከ2017 ጀምሮ ቡድን አላገኘም።

«ችሎታው ወርዶ ነው» ይላሉ። እስቲ በሐቅ እንነጋገር። በ2016 በጀመራቸው 11 ጨዋታዎች ቡድኑ ያሸነፈው 1 ብቻ ነው፤ አልደብቅም። በዚያው ዓመት ግን 16 የነጥብ ኳስ ወርውሮ የተነጠቀው 4 ብቻ ነው። ከ32ቱ የመጀመሪያ ሰዎች ይበልጥ ነበር ብዬ አልከራከርም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ከ32ቱ ሁለተኛ ሰዎች አንዱ ለመሆን አይበቃም ነበር? የዋሽንግተን አሰልጣኝ ጄይ ግሩደን ስሙ መነሳቱን ራሱ ተናግሯል፤ አዲስ ሰው ለማለማመድ ጊዜ የለንም ነው ምክንያቱ። ጆንሰን ከግሩደን ጋር ቀድሞ ሲንሲናቲ አብሮ ሠርቷል፣ ይህም እውነት ነው። ግን ጊዜ ያልነበረው ዲሴምበር ላይ ነው። ክረምቱን ሙሉ የት ነበራችሁ? ኬፐርኒክ የቡድን ባለቤቶች ተመሳጥረውብኛል ብሎ በ2017 ያቀረበው አቤቱታ በፌብሩዋሪ 2019 በስምምነት ተዘጋ፤ ዝርዝሩም በምስጢር ተያዘ። አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ ያለችው አህያ ብልህ ነበረች።

የመጀመሪያው ሰው ምርጫ ቡድኑ ያለውን ገንዘብና ዕድል ይነግረናል። የሁለተኛው ሰው ምርጫ ግን ቡድኑ ምን እንደሚፈራ ይነግረናል። ዝርዝሮቻችን ይህንን ነው የሚሸፍኑት። «ስብስቡ 3ኛ ነው» ብለን ስንጽፍ ማን እንደገባ ብቻ ሳይሆን ማን በር ላይ እንደቀረም አብረን እንቀብራለን።

ስለዚህስ?

ስለዚህ ዝርዝር የምትጽፉም የምታነቡም፣ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ዋናው ሰው በአራተኛዋ እንቅስቃሴ ቢወድቅ የሚገባው ማነው፣ መጨረሻ የተጫወተውስ መቼ ነው? ሁለተኛ፣ አሰልጣኙ ለሱ የሚሆን ጨዋታ አዘጋጅቷል ወይስ የኮከቡን ልብስ ሊያለብሰው ነው? ሦስተኛ፣ ሰውዬው የተመረጠው በክንዱ ነው ወይስ አፉን ስለዘጋ? ለነዚህ መልስ የሌለው ደረጃ የስም ጥሪ ነው።

እኔም ያንን ዝርዝር ዛሬ ብጽፈው ጄትስን የት አደርገው ነበር? ከሮጀርስ ኋላ የቆመው ዛክ ዊልሰን በ2022 አሰልጣኞቹ ራሳቸው አምነውበት ሳይሆን ቀርተው ከቋሚነት ያወረዱት ልጅ ነበር። ይህ ምስጢር አልነበረም፤ የማንኛውም ጋዜጣ ማኅደር ውስጥ አለ። እኔ ሳልፈልገው ቀረሁ እንጂ። ቡድኑ ያንን ዓመት 7 አሸንፎ 10 ተሸንፎ ጨረሰ። አራት ዓመት ተምሬ የወጣሁበት ሙያ የመጀመሪያ ትምህርቱ «ጠይቂ» የሚል ነበር፤ የጠየቀኝ ግን ፓርኪንግ ውስጥ ሬዲዮ ሲሰማ ያደረው የአክስቴ ልጅ ሆነ።

በሚቀጥለው ክረምት ዝርዝሮቹ ደግሞ ይመጣሉ። አንደኛ የተባለውን ቡድን እለፉትና ጸሐፊውን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁልኝ፦ ሁለተኛው ሰውዬ የታለ?

ቸር እንሰንብት።