ያረጀ ዕቃ ነፍስ አይዘራም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው።

«ጃፓኖች በጥንት ሥዕሎቻቸው ያሰፈሯቸው አጋንንት እኛ ጅን ከምንላቸው ጋር አንድ ናቸው፤ የሚለየው ስሙ ብቻ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። አባባሉ ለጆሮ ቢጥምም ዐቂዳን የሚያደበላልቅ ነውና በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

እስቲ ሥዕሎቹን እንመልከት። በኪዮቶ ከተማ፣ በዳይቶኩጂ የቡድሂስቶች ገዳም ውስጥ በሚገኘው ሺንጁአን፣ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው የሚባል ረጅም ጥቅል ሥዕል አለ። ሲዘረጋ የአጋንንት የሌሊት ሰልፍ ይታያል። ብዙዎቹ ግን የቤት ዕቃዎች ናቸው፤ እግር ያወጣ የሙዚቃ መሣሪያ ሌላውን መሣሪያ በገመድ ይጎትታል። በጃፓኖች ተረት ዕቃ 100 ዓመት ሲሞላው ነፍስ ይዘራል። ስለዚህ ሰዎች ዓመቱ ሲያልቅ አሮጌውን አውጥተው ይጥሉታል፤ የተጣለውም ቂም ይዞ ይነሳባቸዋል። ማሩያማ ኦክዮ (1733–1795) ደግሞ እግር የሌላቸውን የሙታን መናፍስት በመሳል ስሙ ይነሳል።

ታዲያ ይህን ከጅን ጋር ምን አገናኘው? ጅን ከእሳት የተፈጠረ፣ እንደ ሰው የታዘዘና የሚጠየቅ የአላህ ፍጡር ነው። ከመካከላቸው ሙእሚንም ካፊርም አለ። ነፍስ የሚሰጠው አላህ እንጂ ዘመን አይደለም። የሞተ ሰውም በበርዘኽ ነው፤ በየጓዳው እየዞረ ሰው አያስፈራራም።

በሌላ በኩል በጃፓኖች የሚስቁትን እንጠይቃቸው። በልጁ አንገት በቆዳ የተሰፋ ሒርዝ አንጠልጥሎ፣ ክሩ ሲበጠስ የሚደነግጥ ሰው በማን ላይ ነው የሚስቀው? እሱስ ለቆዳና ለክር ኃይል አልሰጠምን? ጃፓናዊው በወረቀት ላይ ሳለው፤ ይኸኛው አንገት ላይ አሰረው!

ለሠዓሊዎቹም ፍትሕ እንስጥ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተሳሉ፣ ዛሬ በቶኪዮና በኪዮቶ ብሔራዊ ሙዚየሞች የሚገኙ ጥቅሎች የተራቡ መናፍስትን ያሳያሉ። ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ክንዳቸው ቀጥኖ በሕያዋን መካከል ይንከራተታሉ። በቡድሂስቶች እምነት ይህ የስስታም ቅጣት ነው። እምነቱን አንቀበልም። ነገር ግን ዘካውን የሚደብቅ ባለጸጋ ያንን ሥዕል ቢያይ መልኩን አያጣውም።

የሺንጁአኑ ሰልፍ መጨረሻ ላይ ትልቅ ቀይ ክብ ብርሃን ይወጣል፤ አጋንንቱም ይበታተናሉ። የእኛ ብርሃን ተውሒድ ነው። እርሱ በልብ ውስጥ ከወጣ አሮጌ ዕቃም፣ ክርም፣ ሙታንም አያስፈሩም። ጉዳትም ጥቅምም በአላህ እጅ ነውና ፍርሃታችንን ለእርሱ ብቻ እናድርግ።

ወላሁ አዕለም።