ርኅራኄ በመስከረም

ክረምቱ በዋግ ኽምራ ሲከዳ ረኃብ በአንድ ሌሊት አይገባም። አስቀድሞ በአበርገሌ፥ በዝቋላና በሳህላ ቆላ የተዘራው ማሽላ ፍሬ ሳይቋጥር ይደርቃል፤ ቀጥሎ ገበሬው ፍየሎቹን እየነዳ ወደ ሰቆጣ ገበያ ይወጣል፤ ጎረቤቱም ሁሉ እንደ እርሱ ነድቶ መጥቷልና የፍየሉ ዋጋ ሲወድቅ የእህሉ ይንራል፤ አንድ ሙክት የሚያስገዛው እህልም ከሳምንት ሳምንት ያንሳል። ቤቱን ዘግቶ ልጆቹን አስከትሎ የሚሰደደው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፤ በፌስቡክና በቲክቶክ የምንቀባበለው ፎቶግራፍ የሚነሣውም ያን ጊዜ፥ ፊቱ ከገረጣና አጥንቱ ከወጣ በኋላ ነው።

ስለዚህ የማኅበራዊ ሚዲያ ዘመቻ ችግረኛን ይረዳል ወይስ አይረዳም ብለን ስንከራከር፥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ጊዜው ይመስለኛል፤ መርዳቱንስ ይረዳል፥ ዘግይቶ የመጣ እንደ ሆነ ግን የሚደርሰው ለተረፉት ብቻ ነው።

ከዋግ በስተምሥራቅ ባለችው በኮረም የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ስለ ረኃቡ ያነሣውና ጋዜጠኛው ማይክል ቡርክ የተረከው ፊልም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢቢሲ ቴሌቪዥን በታየ ጊዜ ዓለም ደንግጦ ተነሣ፤ ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍ ዘፋኞችን ሰብስቦ ዘፈን አስቀረጸ፥ በሐምሌም የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ተከተለ። ነገር ግን የኢትዮጵያ መንግሥት የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን ለለጋሽ መንግሥታት ተማጽኖውን ያሰማው በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ነበር። አኀዝ ያላንቀሳቀሰውን ልብ ሥዕል አንቀሳቀሰው፤ በመካከሉ ሰባት ወር ሙሉ ሰው ሲሞት ከረመ።

ይሁን እንጂ ዘመቻን በጅምላ የሚነቅፉ ሰዎች ፍርዳቸው ርትዕ ይጎድለዋል። በ2011 ዓ.ም. የጌዴኦ ተፈናቃዮች ፎቶግራፍ ከተጠለሉባት ከጎቲቲ ወጥቶ በተሰራጨ ጊዜ፥ አክቲቪስቱ ታማኝ በየነና ባልደረቦቹ በውጭ ያለውን ኢትዮጵያዊ በኢንተርኔት አስተባብረው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ፤ በ2017 ዓ.ም. በሰይፉ ፋንታሁን የዩቲዩብ ቀጥታ ስርጭት ለመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማእከል የተዋጣው ገንዘብም በመቶ ሚሊዮኖች ብር የሚቆጠር ነበር። ሰጪው ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚገባና ለምን እንደሚውል ያውቅ ነበርና። ተቀባይና ተጠያቂ የሌለው «ሼር አድርጉ» የሚል ልቅሶ ግን፥ ሰውን ምጽዋት ሳይሰጥ የመጸወተ ያህል ኅሊናውን ያሳርፈዋል፤ እኔ ይህን ከክፉ ፈተና እቆጥረዋለሁ።

ዘመቻ ሌላም ጉድለት አለው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዋግን ድርቅ ሲመታ፥ በዚያው ወራት በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ሳቢያ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ከብቱ ያለቀበት ሰው ስለ ራሱ የሚናገርበት መንገድ ተዘጋ። ዘመቻ እንግዲህ የሚከተለው የሚታየውን መከራ እንጂ የሚበልጠውን መከራ አይደለም።

በአዲስ አበባም በባሕር ማዶም ያላችሁ የዋግ ልጆች፥ መስከረም ጠብቶ ማሽላው እንዳልያዘ ከወላጆቻችሁ አፍ ስትሰሙ ፎቶግራፍ አትጠብቁ፤ ፍየሉ ሳይሸጥ፥ ቤቱ ሳይዘጋ ጻፉ። ከጽሑፋችሁ ጋር የታወቀ ተቀባይና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አኑሩ፤ የሕፃናቱን ፊት አታጋልጡ፤ በጥርም ምን ያህል እንደ ገባ፥ ስንት ኩንታል እህል እንደ ተገዛና ለየትኛው ቀበሌ እንደ ደረሰ በዚያው ገጽ ለሰጪው አስታውቁ።