ለባሕር ዳርቻ የተሠራ ቱቦ በጎጃም ደጋ

«ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ አበው። ብሂሉ ለሕክምና ላቦራቶሪ የተነገረ እስኪመስል ድረስ ለደም መርጋት ምርመራ ይስማማል። የዚህ ምርመራ ውጤት ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የመመርመሪያው መሣሪያ አይደለም፤ ናሙናው ከታካሚው ክንድ ወጥቶ መሣሪያው ዘንድ እስኪደርስ ባለው አያያዝ ነው። «የፊዚክስ መምህራን ስለ ደም ምን አገባቸው?» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው እንዲከታተለን እንጠይቃለን።

ለመሆኑ ምርመራው እንዴት ይከናወናል? ደም እንዲረጋ ካልሲየም ያስፈልገዋል። በሰማያዊ ክዳኑ የሚታወቀው የናሙና ቱቦ ውስጥ ያለው 3.2 በመቶ ሶዲየም ሲትሬት ካልሲየሙን ስለሚይዘው ደሙ ሳይረጋ ይቆያል። ላቦራቶሪው ፕላዝማውን በሴንትሪፉጅ ከለየ በኋላ ካልሲየም መልሶ ይጨምርበትና እስኪረጋ ድረስ የሚፈጀውን ጊዜ በሴኮንድ ይለካል። አሜሪካዊው ሐኪም አርማንድ ክዊክ የፕሮትሮምቢን ጊዜ ልኬትን እ.ኤ.አ. በ1935 ካስተዋወቀ ወዲህ መሣሪያው ብዙ ተሻሽሏል። መሠረታዊው ሕግ ግን አልተለወጠም፤ ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት መሆን አለበት። ደሙ ካነሰ ሲትሬቱ ይበዛና የተጨመረውን ካልሲየም ጭምር ይይዛል፤ ጤነኛው ደምም ዘግይቶ የሚረጋ ይመስላል።

ይህ የሴኮንዶች ጉዳይ የሕይወት ጉዳይ ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመም በአገራችን ብዙ ወጣቶችን ያጠቃል። የብረት ቫልቭ የተገጠመለት ሰው ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ መጠኑም የሚወሰነው በዚሁ ምርመራ ነው። ውጤቱ በሐሰት ከረዘመ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊቀንስ፣ በቫልቩ ላይም የረጋ ደም ተፈጥሮ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ውጤቱ በሐሰት ካጠረ ደግሞ መድኃኒቱ ይጨመርና ታካሚው ለመድማት አደጋ ይጋለጣል። ከወንበርማ ቆላ መንገድ አቋርጦ የመጣ ገበሬ ይህን ሁሉ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ የተሰጠውን ወረቀት ብቻ አምኖ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አሁን ወደ ፊዚክሱ እንምጣ። ቱቦው ደምን «ይስባል» ብንልም፣ በእርግጥ ደሙን ወደ ቱቦው የሚገፋው የውጭው የአየር ግፊት ነው። ብዙዎቹ ቱቦዎች የሚመጠኑት በባሕር ጠለል ላይ ላለው 1,013 ሄክቶፓስካል ግፊት ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ በ1,900፣ ቡሬ ደግሞ በ2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ግፊቱ 795 ሄክቶፓስካል ያህል ብቻ ነው።

የቦይልን ሕግ የተማረ ተማሪ ቀሪውን ማስላት አይሳነውም። ለምሳሌ 4 ሚሊ ሊትር ባዶ ቦታ ያለው ቱቦ በባሕር ጠለል ላይ 2.7 ሚሊ ሊትር ደም እንዲቀበል ተመጥኗል እንበል። በውስጡ የቀረው አየር ግፊት 329 ሄክቶፓስካል ይሆናል። ይኸው ቱቦ በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ የሚቀበለው 2.35 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም ከሚገባው 87 በመቶውን ብቻ ነው። 9 ለ 1 የነበረው ምጣኔም ወደ 7.8 ለ 1 ይወርዳል። በተለምዶ ተቀባይነት ያለው ዝቅተኛ ሙሌት ግን 90 በመቶ ነው! የፕሮትሮምቢን ጊዜ ምርመራ ጥቂት ጉድለት ሊታገሥ ይችላል፤ ኤፒቲቲ የተባለው ምርመራ ግን በቀላሉ ይዛባል። ያም ሆነ ይህ ለሰው ስሕተት የተተወውን ሕዳግ ከፍታው አስቀድሞ በልቶታል። የጎደለውን ለመሙላት ተብሎ ሁለት ጎደሎ ቱቦዎችን ማዳበል ደግሞ ሲትሬቱን እጥፍ ስለሚያደርገው ከፊተኛው የባሰ ጥፋት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ሴንትሪፉጅ ነው። «በደቂቃ 3,000 ዙር» ብሎ መመዝገብ በቂ አይደለም። ራዲየሱ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ መሣሪያ በዚህ ፍጥነት የመሬት ስበትን 1,500 ጊዜ ያህል ሲያበልጥ፣ ራዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነው 1,000 ጊዜ ያህል ብቻ ያበልጣል። የተለመደው መመሪያ የሚጠይቀው በ1,500 ለ15 ደቂቃ ነው። ከዚህ ካነሰ ፕሌትሌቶች ፕላዝማው ውስጥ ይቀራሉ።

የቀረው የእጅ ጥንቃቄ ነው። የክንድ ማሰሪያው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይ፤ ሰማያዊው ቱቦ ሂፓሪንና ኢዲቲኤ ካለባቸው ቱቦዎች አስቀድሞ ይሞላ፤ ወዲያውም ሦስት አራት ጊዜ በቀስታ ይገለባበጥ እንጂ አይናጥ። ያልተለየ ደም ማቀዝቀዣ ውስጥ አይቀመጥ። ኤፒቲቲ በአራት ሰዓት ውስጥ መሠራት ስላለበት፣ ናሙና ከገጠር ጣቢያ ወደ ከተማ የሚላክ ከሆነ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ቱቦው ላይ ይጻፍ።

«ጓንትና መርፌ በሚያጥርበት አገር ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ ይኖራሉ። እኛ ግን ተቃራኒውን እናምናለን። ገንዘብ በጎደለበት ቦታ የተበላሸ ናሙና ሁለት ጊዜ ያከስራል፤ ጥንቃቄው ግን የሚጠይቀው ማስመሪያ፣ ሰዓትና ጥቂት ስሌት ነው። በቱቦ ግዥ ሰነድ ላይ «ለ2,000 ሜትር ከፍታ የሚስማማ» የሚል አንድ መስመር መጨመርም ከባድ ሥራ አይደለም፤ ለከፍተኛ ቦታዎች የሚመረቱ ቱቦዎች አሉና።

ስለዚህ ከምዕራብ ጎጃም የመጣችሁ ተማሪዎቻችን ሆይ፣ በመጪው ዕረፍት አንድ ሥራ እንስጣችሁ። በአቅራቢያችሁ ያለውን ላቦራቶሪ አስፈቅዳችሁ የአገልግሎት ጊዜያቸው ያለፈ ጥቂት ባዶ ቱቦዎች ለምኑ። በመርፌ ውኃ እንዲቀበሉ አድርጉና ከመሞላታቸው በፊትና በኋላ በሚዛን መዝኑ፤ አንድ ግራም ውኃ አንድ ሚሊ ሊትር ነው። የሴንትሪፉጁንም ራዲየስ ለኩ። ውጤቱን ለላቦራቶሪው ባለሙያዎች በአክብሮት አስረክቡ፤ ለእኛም ላኩልን። ስሌታችን ከተሳሳተ በደስታ እናርማለን፤ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ግን የቦይል ሕግ ከጥቁር ሰሌዳ ወርዶ የአንድ ታካሚ ሕይወት ጠበቀ ማለት ነው።