የተማሪው መክሰስ ከማሳው ይምጣ

በገጠር ከተሞች በትምህርት ቤቶች በር ላይ የሚቸረቸረው ከረሜላ፣ ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ የብዙ ተማሪዎች መክሰስ እየሆነ መጥቷል። ገበሬው ዕንቁላሉንና ሽምብራውን ገበያ አውጥቶ በሸጠበት ገንዘብ ለልጁ ጣፋጭ ገዝቶ ሲመለስ ማየትም እንግዳ ነገር አይደለም። ልጅን ማስደሰት ነውር ባይሆንም፣ ልውውጡ ለጤናም ለኪስም እንደማይበጅ ሊታወቅ ይገባል።

ባለ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ በአብዛኛው 30 ግራም ያህል፣ ማለትም ሰባት የሻይ ማንኪያ ገደማ ስኳር ይይዛል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ወደ ምግብና መጠጥ የሚጨመር ስኳር በቀን ከሚያስፈልገው ኃይል ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። በቀን 1,600 ኪሎ ካሎሪ ለሚበቃው ልጅ 5 በመቶው 20 ግራም ነው። አንዲቷ ጠርሙስ ብቻዋን ከዚህ ልክ ታልፋለች።

ያለልክ የሚወሰድ ስኳር ጥርስን ያበላሻል፤ በከተማ ልጆች ላይ እንደሚታየውም ከመጠን ላለፈ ውፍረት ያጋልጣል። ይሁን እንጂ የገጠሩ ልጅ ቀጭን ነው ተብሎ መዘናጋት አይገባም። የምግብ እጥረት ያለበትን ልጅ ጣፋጭ ሆዱን ይሸነግለው እንደሆነ እንጂ ሰውነቱን አይገነባለትም። ገንቢው ገበያ ወጥቶ የተሸጠው ዕንቁላልና ሽምብራ ነው።

በመሆኑም ወላጆች ከምርታቸው ለልጆቻቸው ድርሻ ያስቀሩ፤ ቆሎና ንፍሮ ቋጥረው ይላኩ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረትም በበሩ ላይ የሚሸጠውን ይከታተል፤ በግቢው ንጹሕ የመጠጥ ውሃ እንዲኖር ይጣር። ውሃ በሌለበት ትምህርት ቤት ጠርሙሱን ማውገዝ ብቻውን ፋይዳ የለውም።